ሳተላይት እየወደቀ ለምን መሬት አይደርስም? ስለ ኢነርሺያና ስለ ስበት

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከ400 ቶን በላይ ይመዝናል። ከመሬት ገጽ በግምት 400 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከሥሩ የሚደግፈው ከላይም የሚያንጠለጥለው ነገር ሳይኖር፣ በ92 ደቂቃ ተኩል ገደማ ዓለምን አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ታዲያ ለምን አይወድቅም?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እዚያ ስበት የለም» የሚል ነው፤ ስህተት ነው። ሌላው መልስ ደግሞ «ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይልና ወደ ውስጥ የሚስበው ኃይል ስለተመጣጠኑ ነው» ይላል። ይህኛው የተማረ ሰው መልስ ስለሚመስል የባሰ ያሳስታል።

ጣቢያው ይወድቃል። በየሰከንዱ፣ ያለ አንዳች እረፍት ይወድቃል። መሬት የማይደርሰው፣ በሚወድቅበት ጊዜ ወደ ጎንም እጅግ በፍጥነት ስለሚሄድና መሬትም ክብ በመሆኗ ገጿ ከሥሩ እየጎበጠ ስለሚሸሽ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ከፍታ ብቻውን ማንንም አያቆይም

ስበቱን በቁጥር እንየው። የስበት ጥንካሬ የሚወሰነው ከመሬት ገጽ ባለን ርቀት ሳይሆን ከመሬት እምብርት ባለን ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ አንድ አራተኛ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። የመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ መሬት ላይ የቆመ ሰው ራሱ ከእምብርቷ 6,371 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ጣቢያው ደግሞ 6,771 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙም አይራራቁም። 6,371ን ለ6,771 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ብናባዛው 0.885 እናገኛለን። ይኸውም ጣቢያው ያለበት ቦታ ላይ ያለው ስበት እኛ ጋ ካለው 88 በመቶ ተኩል ያህል ነው። እዚያ ከፍታ የሚደርስ ግንብ ቢኖር፣ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ክብደቱ ትንሽ ይቀልለታል እንጂ አይንሳፈፍም፤ ከእጁ ያመለጠው ነገርም ወደ ታች ይወርድበታል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሰው ልጅ የጠፈር በረራዎች ናቸው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩሪ ጋጋሪን ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዓለምን አንድ ዙር ዞረ። አለን ሼፐርድ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሜይ 5፣ እስከ 187 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ አረፈ። የጋጋሪን ምህዋር (መሬትን የዞረበት መንገድ) ዝቅተኛው ነጥብም ከ200 ኪሎ ሜትር በታች ነበር፤ ስለዚህ ሼፐርድ የተመለሰው ከፍታ አንሶት አይደለም። የሼፐርድ ሮኬት የሰጠችው ፍጥነት በሰከንድ 2.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ጋጋሪን ግን በሰከንድ ወደ 7.8 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። አንዱን አዙሮ ሌላውን የመለሰው ይህ የጎን ፍጥነት ነው።

ኢነርሺያ የሚገፋ ነገር አይደለም

ኢነርሺያ ማለት ቁስ አካል ያለበትን ሁኔታ በራሱ የማይለውጥ መሆኑ ነው። የቆመ ነገር የሚነካው ኃይል ከሌለ እንደቆመ ይቀራል። የሚሄድ ነገርም በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ቀጥተኛ መስመር ይሄዳል። ጋሊሊዮ ወደዚህ ሐሳብ ተጠግቶ ነበር፤ ኒውተን በ1687 የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ አድርጎ አሰፈረው። መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት ይንደረደራል። ከኋላው የገፋው የለም፤ መኪናው ሲቆም የእርሱ አካል በነበረበት ፍጥነት ቀጠለ እንጂ።

ነገሩን ለመቀበል የምንቸገረው የምናየው ነገር ሁሉ ገፊ ካጣ ስለሚቆም ነው። ኳስ ተመትታ ትንከባለልና ትቆማለች። የሚያቆማት ግን የአየርና የመሬቱ ሰበቃ ነው። ያንን ካነሳነው የሚያቆማት ነገር የለም። ጠፈር ላይ አየሩ እጅግ ስስ ስለሆነ ፍጥነትን የሚቀማ የለም ማለት ይቻላል። ሞተር የሚያስፈልገው ፍጥነትን ለመለወጥ ብቻ ነው፤ ያለውን ፍጥነት ይዞ ለመቆየት አያስፈልግም። ጨረቃ ያለ ነዳጅ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት የዞረችው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ማድረግ ይጠቅማል። አንድ ሜትር ያህል ሲባጎ ጫፍ ላይ ለስላሳ ኳስ አጥብቆ ማሰርና ሰው በሌለበት ሜዳ ከራስ በላይ አግድም ማሽከርከር። አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ በስልክ ይቅረጽ። ኳሷ በትክክል ፊት ለፊታችን ስትደርስ ሲባጎውን መልቀቅ። ብዙ ሰው ኳሷ ከእኛ እየራቀች ወደ ፊት በቀጥታ የምትወረወር ይመስለዋል። ቪዲዮው የሚያሳየው ግን በዚያች ቅጽበት ወደምትሄድበት አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ጎን፣ ክቡን ታካ በሚያልፈው ቀጥተኛ መስመር ስትሄድ ነው። ወደ ውጭ የሚገፋት ኃይል ቢኖር ኖሮ ሲባጎው ሲለቀቅ ወደ ውጭ በሄደች ነበር። አልሄደችም። ስትሽከረከር የነበረው ኃይል አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በሲባጎው በኩል ወደ መካከል የሚጎትተው ነው።

የሲባጎው ምሳሌ አንድ ጉድለት አለው፤ ቀድሞ ማወቁ በኋላ ከግራ መጋባት ያድናል። ኳሷን ብናፈጥናት ሲባጎው በዚያው ልክ ይወጠርና በዚያው ክብ ላይ ያቆያታል። ስበት እንዲህ አይደለም። ሳተላይት ስለፈጠነ መሬት ይበልጥ አትስበውም። በመሆኑም የፈጠነ ሳተላይት በዚያው ክብ ላይ አይቆይም፤ ወደ ውጭ ይወጣል።

ሁለቱ 4.9ዎች

መሬት አጠገብ የተለቀቀ ነገር በመጀመሪያዋ ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወርዳል። ወደ ጎን ተወርውሮም ቢለቀቅ፣ አየሩን ካልቆጠርነው፣ የሚወርደው ያንኑ 4.9 ሜትር ነው። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሁለት ሳንቲም አስቀምጠን፣ አንዱን ጫፉን እንዲለቅ ብቻ ነካ አድርገን ሌላውን በዚያችው ቅጽበት በጣት ብንፈነጥረው፣ አንዱ እግራችን ሥር ሌላው ራቅ ብሎ ያርፋል፤ ወለሉን የመቱበት ድምፅ ግን አንድ ሆኖ ይሰማል። ወደ ጎን መሄድ መውደቅን አያዘገይም።

አሁን ወደ መሬት ቅርጽ እንምጣ። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ፍጹም ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር፣ መሬት ክብ ስለሆነች፣ ከገጿ እየራቀ ይሄዳል። 7.9 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከመሬት ገጽ 4.9 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ አንድን ነገር በሰከንድ 7.9 ኪሎ ሜትር በአግድም ብንወረውረው፣ በዚያች ሰከንድ ውስጥ 4.9 ሜትር ይወድቃል፣ መሬትም ከሥሩ 4.9 ሜትር ትጎብጣለች። ከሰከንዷ በኋላ ከመሬት ያለው ከፍታ አልተለወጠም። በሚቀጥለው ሰከንድም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። እየወደቀ ነው፤ ወለሉ ግን አልቀረበም። ምህዋር የምንለው ይኸው ነው።

ኒውተን ይህን ያስረዳው በጣም ረጅም ተራራ ጫፍ ላይ መድፍ በማስቀመጥ ነበር፤ በምናቡ ማለት ነው። ጥይቱ ቀስ ተብሎ ሲተኮስ ተራራው ግርጌ ይወድቃል። ባሩዱ ሲጨመር ራቅ ብሎ፣ ይበልጥ ሲጨመር ሌላ አህጉር ላይ ይወድቃል። ልኩ ላይ ሲደርስ ዓለምን ዞሮ መድፉ ጋ ከኋላ ይመጣል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ጥይት መካከል ምንም አዲስ ኃይል አልገባም፤ የተጨመረው ፍጥነት ብቻ ነው። እውነተኛው ችግር አየሩ ነው። መሬት አጠገብ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ወዲያው ይቃጠላል፤ ሮኬቶች መጀመሪያ ወደ ላይ የሚወጡትም አየሩን ለመሸሽ ነው።

ኒውተን በዚህ አላበቃም፤ ሐሳቡን በጨረቃ ፈተነው። ጨረቃ ከመሬት እምብርት ያላት ርቀት የመሬት ሬዲየስ 60 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው የመሬት ስበት 60 በ60፣ ማለትም 3,600 ጊዜ መድከም አለበት። በሌላ በኩል የጨረቃን ርቀትና ዙሯን የምትጨርስበትን 27.3 ቀን ከያዝን፣ በየሰከንዱ ከቀጥተኛ መስመሯ ምን ያህል እንደምትጎብጥ ማስላት ይቻላል፤ 1.36 ሚሊ ሜትር ነው። 4.9 ሜትርን ለ3,600 ብናካፍል የምናገኘውም 1.36 ሚሊ ሜትር ነው። ከዛፍ የሚወድቀውን ፍሬና ጨረቃን የሚስባቸው አንድ ኃይል መሆኑ የታየው በዚህች የቁጥር መገጣጠም ነው። በግሌ በፊዚክስ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ውበት ያለው አጭር ስሌት አላውቅም።

«ተመጣጥነው ነው» የሚለው መልስ ለምን ያሳስታል?

ሁለት ኃይሎች እኩል ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ቢጎትቱ ድምራቸው ዜሮ ይሆናል። ድምሩ ዜሮ የሆነበት አካል ደግሞ፣ በኢነርሺያ ሕግ መሠረት፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ በሳተላይት ላይ ያሉት ኃይሎች በእርግጥ ቢመጣጠኑ ኖሮ ሳተላይቱ መሬትን ትቶ በቀጥታ መስመር ወደ ጠፈር ይነጉድ ነበር። መንገዱ የጎበጠው ኃይሉ ስላልተመጣጠነ ነው። የሚስበው አንድ ነው፣ ስበት። ኢነርሺያ ደግሞ በኃይል ወገን አይቆጠርም፤ ኃይል ሲያርፍበት አካሉ ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን ለመለወጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚገልጽ ጠባይ ነው።

ወደ ውጭ ይገፋል የሚባለው ኃይል ከየት መጣ? መኪና ሲታጠፍ ወደ በሩ የተገፋን ይመስለናል። ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያየን ሰው ግን እኛ ቀጥ ልንል ስንል በሩ መጥቶ እንደገፋን ያያል። አብሮ በሚሽከረከር ነገር ውስጥ ሆኖ ስሌት የሚሠራ መሐንዲስ ያንን ምናባዊ ኃይል በሒሳቡ ውስጥ ቢያስገባ ትክክለኛ ውጤት ያገኛል፤ ያ ግን የመቁጠሪያ ዘዴ ነው፣ የሚገፋ ነገር ግን የለም።

ከዚሁ ጋር ጠፈርተኞች ለምን እንደሚንሳፈፉም ግልጽ ይሆናል። ጠፈርተኛው፣ ማንኪያው፣ የጣቢያው ግድግዳና ወለሉ ሁሉም በአንድነት፣ እኩል እየወደቁ ናቸው። ወለሉ ከእግሩ ሥር እኩል ስለሚወድቅ እግሩን የሚገፋው ነገር የለም። ክብደት ብለን የምንሰማው ደግሞ ያንን የወለል ግፊት ነው።

ትልቁም ትንሹም እኩል ይዞራሉ

400 ቶኑ ጣቢያና ከእርሱ የወለቀች ብሎን በአንድ ከፍታ ላይ አንድ ዓይነት ፍጥነት ነው የሚያስፈልጋቸው። ጣቢያውን መሬት በብዙ ሚሊዮን እጥፍ አብልጣ ትስበዋለች፤ ነገር ግን ጣቢያው በዚያው ሚሊዮን እጥፍ ለመንቀሳቀስ ያስቸግራል። ሁለቱ ይጣፋሉ። በኖቬምበር 2008 አንዲት ጠፈርተኛ ከጣቢያው ውጭ ስትሠራ የመሣሪያ ቦርሳ አመለጣት። ቦርሳው ወደ ታች አልወረደም፤ ከጣቢያው አጠገብ በራሱ ምህዋር መዞሩን ቀጠለ፣ ከምድር በቴሌስኮፕ ያዩትም ነበሩ። በኦገስት 2009 ወርዶ ተቃጠለ። ከጣቢያው ቀድሞ የወረደው ስበት ስለበረታበት አይደለም። ለክብደቱ ሲታይ ሰፊ ገጽ ስለነበረው እዚያ ያለው ስስ አየር ቶሎ ጎዳው።

ስሌቱን በስልክ ካልኩሌተር

ለክብ ምህዋር የሚያስፈልገውን ፍጥነት ማንም ሊያሰላው ይችላል። ለመሬት የሚያገለግለው ቋሚ ቁጥር 398,600 ነው፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱን ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስንይዝ ማለት ነው። መጀመሪያ ከፍታው ላይ 6,371 እንደምራለን። ከዚያ 398,600ን ለድምሩ እናካፍላለን። ከዚያ የስኩዌር ሩት ምልክቱን እንጫናለን። ለጠፈር ጣቢያው 400 ሲደመር 6,371 ይሆናል 6,771፤ ሲካፈል 58.87፤ ስኩዌር ሩቱ 7.67። በሰከንድ 7.67 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዙሩን የሚጨርስበትን ጊዜ ለማግኘት 6.283ን በ6,771 አባዝተን ለ7.67 እናካፍላለን፤ 5,545 ሰከንድ ገደማ፣ ወይም 92 ደቂቃ ተኩል ያህል ይመጣል።

ጀማሪዎች ሁሌ የሚሳሳቱባት አንዲት ቦታ አለች፦ 6,371ን መደመር ይረሳሉ። 398,600 ለ400 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ በሰከንድ 31.6 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ይህ ቁጥር ሊሆን እንደማይችል ወዲያው መታወቅ አለበት፤ ከመሬት ስበት ጨርሶ ለማምለጥ የሚያስፈልገው ፍጥነት በገጿ ላይ እንኳ 11.2 ብቻ ነው። የክብ ምህዋሩ 7.9 በ1.414 ሲባዛ ነው 11.2 የሚሆነው፤ ይህ የ1.414 ዝምድና በማንኛውም ከፍታና በማንኛውም ፕላኔት ይሠራል።

ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ፍጥነት ይቀንሳል። 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ያሉት የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሰከንድ 3.87 ኪሎ ሜትር ሄደው በ12 ሰዓት ገደማ ይዞራሉ። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከምድር ወገብ በላይ ያሉት የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ፍጥነት 3.07 ነው፤ ዙራቸውም 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ፣ ልክ መሬት በራሷ ዛቢያ የምትዞርበት ጊዜ ነው። ከመሬት ሲታዩ አንድ ቦታ የተተከሉ የሚመስሉትና ዲሽ አንዴ ተስተካክሎ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ጨረቃ 384,400 ኪሎ ሜትር ላይ ሆና በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትሄዳለች።

ፍጥነቱ ልክ ባይሆንስ?

ብዙ ሰው ፍጥነቱ ትንሽ ቢያንስ ሳተላይቱ የሚወድቅ፣ ትንሽ ቢበልጥ ደግሞ የሚጠፋ ይመስለዋል። ምህዋር እንዲህ በክር የተንጠለጠለ ነገር ቢሆን ኖሮ ምንም ነገር ባልዞረ ነበር። ፍጥነቱ ከክቡ ልክ ሲበልጥ ወይም ሲያንስ መንገዱ ሞላላ ይሆናል፣ ያ ብቻ ነው። ሳተላይቱ ከመሬት ሲርቅ ስበት ወደ ኋላ እየጎተተ ያዘገየዋል፤ ዘግይቶ ሩቁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተመልሶ መውደቅ ይጀምራል፤ ሲወድቅ ይፈጥናል፤ ቅርቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ካለበት ስበት አንጻር ፍጥነቱ ስለሚበዛ እንደገና ይርቃል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኬፕለር በ1609 ፕላኔቶች በሞላላ መንገድ እንደሚዞሩ ሲያሳይ ምክንያቱን አላወቀውም ነበር።

መሬትም እንዲሁ ናት። በጃንዋሪ መጀመሪያ ከፀሐይ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ በጁላይ መጀመሪያ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ፍጥነቷም በሰከንድ ከ30.3 ወደ 29.3 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በየሰከንዱ ወደ ፀሐይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትወድቃለች፤ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በምትጓዝበት በዚያችው ሰከንድ።

ሮኬቱ ለምን ያዘነብላል?

አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለማንሳት 3.7 ሜጋ ጁል ያህል ኢነርጂ ይበቃል። ያንኑ ዕቃ በሰከንድ 7.67 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ ግን 29.4 ሜጋ ጁል ይፈልጋል፤ ስምንት እጥፍ ነው። የሮኬቱ ዋና ሥራ እንግዲህ ወደ ጎን ማፍጠን ነው። ቀጥ ብሎ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ማዘንበል የሚጀምረው፣ መጨረሻ ላይም አግድም ሆኖ የሚነደው ለዚህ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚተኮሰው ደግሞ መሬት በምድር ወገብ ላይ በራሷ መዞር በሰከንድ 465 ሜትር በነፃ ስለምትሰጥ ነው።

የኒውተንን መድፍ ከመሬት ገጽ ሽቅብ አዘንብለን ብንተኩሰውስ? ጥይቱ ምህዋር ውስጥ አይገባም፤ ይህን ማወቅ ብዙ ነገር ይከፍታል። ሞተር ከጠፋ በኋላ ማንኛውም ሞላላ መንገድ ሞተሩ በጠፋበት ነጥብ በኩል ተመልሶ ያልፋል። ከመሬት ለተተኮሰ ጥይት ግፊቱ ያበቃበት ነጥብ የመድፉ አፍ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ከመሬት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ሮኬት ይህን የሚያልፈው ከፍ ካለ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሩቁ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሞተር አስነስቶ ቅርቡን ጫፍ ወደ ላይ በማንሳት ነው። ያች ሁለተኛ ማቀጣጠል ከተበላሸች ጣጣ ነው። በኦገስት 2014 ሁለት የአውሮፓ ጋሊሊዮ የአሰሳ ሳተላይቶችን በተሸከመው የላይኛው ሮኬት ውስጥ አንድ የነዳጅ ቱቦ ከቀዝቃዛ የሂሊየም ቱቦ ጋር ተጠግቶ በመገጠሙ ነዳጁ ረጋ፤ ሮኬቱ አቅጣጫውን መጠበቅ ተስኖት በተሳሳተ አቅጣጫ ነደደ። ከ23,000 ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ክብ መሆን የነበረበት ምህዋር አንዱ ጫፉ 14,000 ገደማ፣ ሌላው 26,000 ገደማ የሆነ ሞላላ ሆኖ ቀረ።

የፊቱን ለመድረስ ፍሬን መያዝ

በጁን 1965 የአሜሪካው መንኮራኩር የጀሚኒ 4 አብራሪ ጄምስ ማክዲቪት ከራሱ ሮኬት ተለይታ አብራው ወደምትዞረው ባዶ ክፍል ሊጠጋ ሞከረ። እንደ አውሮፕላን አብራሪ አፍንጫውን ወደ ዒላማው አዙሮ ሞተር ነካ። ዒላማዋ ራቀች። ደጋግሞ ሞከረ፤ ብዙ ነዳጅ ፈጀ፤ በመጨረሻ ተተወ።

የሆነው ይህ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መንኮራኩር ፍጥነቱን በሰከንድ 1 ሜትር ብቻ ወደ ፊት ቢጨምር፣ የምህዋሩ ተቃራኒ ጫፍ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። መንገዱ ስለረዘመና አማካይ ፍጥነቱ ስለቀነሰ ዙሩን ለመጨረስ ከ2 ሰከንድ በላይ ይዘገያል። በሁለት ሰከንድ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚኬድ፣ ከአንድ ዙር በኋላ መንኮራኩሩ ፍጥነት ባይጨምር ኖሮ ከሚደርስበት ቦታ 16.6 ኪሎ ሜትር ያህል ኋላ ቀርቶ ይገኛል። ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ኋላ ቀረ። የፊተኛውን ለመድረስ እንግዲህ ፍጥነት ቀንሶ ዝቅ ማለት፣ በታችኛው አጭር መንገድ መቅደም፣ ከዚያ በትክክለኛው ሰዓት ተመልሶ መነሳት ያስፈልጋል። ይህን ተምረው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 15 ጀሚኒ 6 እና 7 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተጠጋጉ።

አየር ሲገባበት

አየሩ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ድንገት አያልቅም፤ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ። የጠፈር ጣቢያው በዚህ ስስ አየር ምክንያት በወር በግምት 2 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ሞተር ተነስቶ ከፍ ይደረጋል። ፀሐይ ስትበረታ የላይኛው አየር ይሞቅና ያብጣል፣ ሰበቃውም ይጨምራል። በፌብሩዋሪ 2022 ወደ 210 ኪሎ ሜትር ከተላኩት 49 የስታርሊንክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች 40 የሚጠጉት ገና ወደ ቋሚ ከፍታቸው ሳይወጡ ከፀሐይ በተነሳ የመግነጢስ ማዕበል ምክንያት ጠፍተዋል። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት፣ 83.6 ኪሎ ግራሟ ስፑትኒክም ከኦክቶበር 4 ቀን 1957 ጀምራ የቆየችው ሦስት ወር ብቻ ነበር፤ የምህዋሯ ቅርብ ጫፍ 215 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለነበር በየዙሩ አየሩን እየነካች ታልፍ ነበር።

ግራ የሚያጋባው ነገር፣ አየር የሚጎትተው ሳተላይት መፍጠኑ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ላይ 7.67 የነበረው 200 ኪሎ ሜትር ላይ 7.79 ይሆናል። ሰበቃው ኢነርጂ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሳተላይቱ ሲወርድ ከከፍታው የሚያገኘው ሰበቃው ከወሰደው እጥፍ ስለሆነ ግማሹ ወደ ፍጥነት ይገባል።

ሰው ያለበትን መንኮራኩር ማውረድም በዚሁ መንገድ ነው። የሩሲያው መንኮራኩር ሶዩዝ ከጣቢያው ሲመለስ አፍንጫውን ወደ መሬት አያዞርም። ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሮ ለ4 ደቂቃ ተኩል ያህል ሞተሩን ያነድድና ፍጥነቱን በሰከንድ 128 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ከ7,670 ላይ 128 ብቻ። 1 ሜትር በሰከንድ ተቃራኒውን ጫፍ 3.5 ኪሎ ሜትር የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ 128ቱ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ያወርደዋል። ይህ ከጣቢያው ከፍታ ይበልጣል፤ ስለዚህ መንገዱ አሁን ከመሬት ጋር ይገናኛል። የቀረውን ፍጥነት አየሩ ይወስዳል። ከዚያች ማቀጣጠል እስከ ማረፍ ከአንድ ሰዓት አይሞላም።

ሌላ ፕላኔት ዘንድ ሲደረስም ሥራው ፍሬን መያዝ ነው፤ ከሩቅ የመጣ መንኮራኩር ወደ ፕላኔቱ ሲወድቅ ያገኘው ፍጥነት ከማምለጫው ፍጥነት ስለሚበልጥ፣ ካልቀነሰ አልፎ ይሄዳል። የጃፓኗ መንኮራኩር አካትሱኪ ዲሴምበር 7 ቀን 2010 ቬነስ ስትደርስ ሞተሯ 12 ደቂቃ ያህል መንደድ ሲኖርበት ከሦስት ደቂቃ በታች ነድዶ ጠፋ። ከቬነስ አመለጠች፤ ከፀሐይ ግን አላመለጠችም። በፀሐይ ዙሪያ በራሷ ሞላላ መንገድ እየወደቀች ዞረች። መንገዷ የሚሰላ ስለነበር ከቬነስ ጋር እንደገና የምትገናኝበት ቀን ቀድሞ ታወቀ። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 2015፣ ለአቅጣጫ ማስተካከያ ብቻ የተሠሩ አራት ትንንሽ ሞተሮቿ ለ20 ደቂቃ ያህል ነደዱና ቬነስን መዞር ጀመረች።